ጀማሪ የኔትወርክ መሐንዲሶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች፦ በድሬዳዋና በሐረር ለሚሠሩ

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች በድሬዳዋና በሐረር በዚህ ሙያ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ደጋግመው ያቀረቡልኝ ናቸው። ሲጠቃለሉ ሁሉም የሚናገሩት አንድ ጭንቀት ነው፤ ይኸውም «ሥራ ይዣለሁ፤ ነገር ግን እያደግኩ ነው ወይስ ባለሁበት እየረገጥኩ?» የሚለው ነው። ይህን ጭንቀት እኔም አሳልፌዋለሁ፤ ስለዚህ የምመልሰው በዚያን ጊዜ ቢነገረኝ ኖሮ ይጠቅመኝ ነበር ብዬ የማምንበትን ነው።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትና ሥራ ላይ ያገኘሁት አልተገናኘልኝም። ትምህርቱ ከንቱ ነበር ማለት ነው?

አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሰጥዎት ሥራ ምናልባት ገመድ መዘርጋት፣ አቧራ የጠጣ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በገመድ እርስ በርስ የሚያገናኝ መሣሪያ) ማጽዳት፣ የፕሪንተር አድራሻ ማስተካከል፣ አለዚያም ቅርንጫፍ ድረስ ሄዶ «ሲስተም የለም» ተብሎ የቆመ አገልግሎት ማስጀመር ይሆናል። ትምህርቱ የሚያስፈልገው ግን እዚያው ገመዱ ላይ ነው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ «የእኔ ኮምፒውተር ከሌሎቹ ሁሉ ይንቀራፈፋል» ብትልዎት፣ ገመዱን ቀይረው ችግሩ ሲፈታ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ ይችላሉ። የወጣውን ገመድ ይዘው ተመልሰው በገመድ መፈተሻ ቢያዩት ግን፣ ከቡናማው ጥንድ አንዱ ሽቦ ተበጥሶ ሊያገኙት ይችላሉ። በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት የሚያስተላልፈው ግንኙነት አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፈው በብርቱካናማውና በአረንጓዴው ጥንድ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ብዙ መሣሪያዎች አንድ ጥንድ ሲጎድልባቸው ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ወርደው ይስማማሉ፤ ገመዱ አልሞተም፣ ሥራው ግን አሥር እጥፍ ቀንሷል። ይህን የተረዳ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ገመዱን ከመንካቱ በፊት ስዊቹ ላይ የፖርቱን ፍጥነት አይቶ ከመቀመጫው ሳይነሣ መልሱን ያውቃል። በእኔ እምነት በሁለት ባለሙያዎች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ ይጀምራል፤ አንዱ ችግሩ በመፈታቱ ይረካል፣ ሌላው የተፈታበትን ምክንያት ካላወቀ ሥራው ያለቀ አይመስለውም።

ከሁሉ አስቀድሜ ምን ላይ ላተኩር?

መሠረቱ ላይ። አንድ ሰው ኮምፒውተሩን አብርቶ የድረ ገጽ ስም ጽፎ ገጹ እስኪከፈትለት ድረስ በመካከል የሚሆነውን ሁሉ፣ ወረቀት ሳያዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማስረዳት መቻል አለብዎት። ኮምፒውተሩ በዲኤችሲፒ አድራሻ ይጠይቃል፤ የጌትዌዩን (ወደ ውጭ የሚያወጣውን መሣሪያ) የማክ አድራሻ፣ ማለትም የመሣሪያውን መለያ ቁጥር፣ በአርፕ ያፈላልጋል፤ የገጹን ስም በዲኤንኤስ ወደ ቁጥር ያስለውጣል፤ ከዚያም ከሰርቨሩ ጋር በሦስት መልእክቶች ግንኙነት ይከፍታል፤ በመጨረሻም የምስጢር ቁልፍ ይለዋወጣል። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ የሆነ ብልሽት አለው፤ ብልሽቱም የራሱ ምልክት አለው። ኮምፒውተሩ ላይ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካዩ፣ አድራሻ የሚሰጠው ሰርቨር እንዳልተገኘ ወዲያው ይገባዎታል። በቁጥር አድራሻ ፒንግ (መኖሩን ለማወቅ የሚላክ አጭር መልእክት) እየመለሰ በስም ግን አልከፍት ካለ፣ ዓይንዎ ወደ ዲኤንኤስ መሄድ አለበት።

ሳብኔቲንግን፣ ማለትም የአድራሻ ክልልን ወደ ትናንሽ ክልሎች መከፋፈልን፣ በቃልዎ ይያዙት፤ ይህን የምለው ለፈተና ብቻ አይደለም። አንድ ቢሮ 48 ኮምፒውተሮችና ጥቂት ፕሪንተሮች ቢኖሩትና 10.20.30.64/26 ቢሰጡት፣ ክልሉ 64 አድራሻዎች እንዳሉት፣ ከ65 እስከ 126 ያሉት 62ቱ ለመሣሪያዎች እንደሚሆኑ፣ 127ኛው ለብሮድካስት (ለሁሉም በአንድ ጊዜ ለሚላክ መልእክት) እንደተያዘ ስልክ እያነጋገሩ ማስላት መቻል አለብዎት። በየቀኑ ከሥራ በፊት አምስት ደቂቃ ብቻ ቢለማመዱ በአንድ ወር ውስጥ እጅዎ ይፍታታል።

ሲሲኤንኤ (የሲስኮ ኩባንያ የኔትወርክ ምስክር ወረቀት) መውሰድ ይኖርብኛል? ወጪው ከበደኝ።

መውሰድ የሚጠቅምበት ምክንያት አለ፤ ወጪው ከባድ መሆኑም እውነት ነው። ፈተናው 300 የአሜሪካ ዶላር ያስከፍላል፤ ግብር ሲታከል ይጨምራል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ስለነበር ፈተናው 17,000 ብር ያህል ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ፈተና ከ30,000 ብር በላይ ሆነ። ለጀማሪ ደመወዝ ይህ የወራት ቁጠባ ነው፤ ስለዚህ ሳይዘጋጁ «ልሞክረው» ብሎ መግባት አይገባም።

ፈተናው 200-301 የሚል መለያ ያለው ሲሆን በዚህ መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ነው። 120 ደቂቃ ይወስዳል። ክብደቱ ሲታይ የአይፒ ግንኙነትና ራውቲንግ (መልእክት የሚሄድበትን መንገድ መምረጥ) 25 በመቶ፣ የኔትወርክ መሠረተ ሐሳብ 20 በመቶ፣ የስዊች ሥራ 20 በመቶ፣ ደኅንነት 15 በመቶ፣ የአይፒ አገልግሎቶች 10 በመቶ፣ አውቶሜሽን 10 በመቶ ይይዛል። ምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ነው። እኔ የምመክረው አካሄድ የትምህርቱን ዝርዝር እንደ ካርታ መያዝና ፈተናው ዛሬም ይሁን ከዓመት በኋላ ትምህርቱን አሁኑኑ መጀመር ነው። ገንዘብ ስለሌለዎት እውቀቱን ማዘግየት አይገባም፤ የትምህርቱ ይዘት በነፃ በብዙ ቦታ ይገኛል፣ ክፍያ የሚጠይቀው ፈተናው ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤትዎ በአብዛኛው የሁዋዌ መሣሪያ የሚጠቀም ከሆነ የሁዋዌን ኤችሲአይኤ ዳታኮም፣ ትናንሽ ሆቴሎችና ቢሮዎችን የሚያገለግሉ ከሆነ ደግሞ የሚክሮቲክን ኤምቲሲኤንኤ ቢያስቀድሙ ስህተት አይደለም። የድርጅቱ ስም ቢለያይም የስፓኒንግ ትሪ (መልእክት በስዊቾች መካከል እየዞረ እንዳይቀር የሚከላከል)፣ የቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለያይቶ የሚከፍል) እና የኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት) አሠራር ያው ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ከፈተናው ላይ ተሰርቀው የወጡ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ሸምድደው የሚያልፉ አሉ። ይህ የፈተናውን ደንብ መጣስ ከመሆኑም በላይ ጉዳቱ በራሱ በባለቤቱ ላይ ነው፤ ሰርተፍኬቱን አይቶ የቀጠረው መሥሪያ ቤት ገና በመጀመሪያው ብልሽት ያውቀዋል። ለቃለ መጠይቅ በተቀመጥኩባቸው ጊዜያት ሰርተፍኬት ይዘው ቪላን ለምን እንደሚያስፈልግ በራሳቸው ቋንቋ ማስረዳት ያቃታቸውን አይቻለሁ፤ ሰርተፍኬት ሳይኖራቸው ነጭ ሰሌዳው ላይ ሥዕል እየሣሉ ያስረዱንን ደግሞ ቀጥረናል።

የምለማመድበት ዕቃ የለኝም። እንዴት ልማር?

ፓኬት ትሬሰር የተባለው የኔትወርክ መለማመጃ ሶፍትዌር ለመጀመሪያው ዓመት ከበቂ በላይ ነው፤ በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ተመዝግቦ በነፃ ማግኘት ይቻላል፣ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል፣ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ለልምምድ ብዙ ኢንተርኔት አይፈልግም። ውሎ ሲያድር ወደ ጂኤንኤስ3 ወይም ወደ ኢቭ ኤንጂ ይሸጋገራሉ፤ እነዚህ ግን የበለጠ ራም ይጠይቃሉ። በኔትወርክ የሚያልፈውን መልእክት የሚያሳየውን ዋየርሻርክን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይልመዱ። በመጽሐፍ ያነበቡትን የሦስት መልእክት ሰላምታ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ሲያልፍ ማየት ከብዙ ገጽ ንባብ በላይ ያስተምራል።

ልምምዱን በራስዎ ወይም በግልጽ በተፈቀደልዎ ኔትወርክ ላይ ብቻ ያድርጉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሲስተም መግባትንና የሚተላለፍ መረጃን መጥለፍን በወንጀል ያስጠይቃል፤ «ለመማር ነው» የሚለው ምክንያት አያድንም። የሆቴል ወይም የጎረቤት ዋይፋይ የሙከራ ሜዳ አይደለም።

ኔትወርክ ሲቋረጥ እደነግጣለሁ። ከየት መጀመር አለብኝ?

በመጀመሪያ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ከመቼ ጀምሮ? ማን ማን ላይ? ከዚያ በፊት ምን ተለወጠ? ቀጥሎ ከታች ወደ ላይ ይውጡ፤ መብራት፣ ገመድ፣ የፖርቱ ሁኔታ፣ አድራሻ፣ ጌትዌይ፣ ስም፣ በመጨረሻም ሶፍትዌሩ። ይህ ቅደም ተከተል አሰልቺ ቢመስልም ድንጋጤን የሚያስታግስ እሱ ነው፤ እጅ የሚሠራው ካለው ልብ ይረጋጋል።

በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርዎት። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የሚገኝ አንድ ቢሮ ኔትወርክ ከሰዓት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቋረጥ ነበር። እሄዳለሁ፣ ስዊቹን አጥፍቼ አበራለሁ፣ ይሠራል፤ ሠራተኞቹም አመስግነው ይሸኙኛል። እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተመላለስኩ። ከዚያ በኋላ ነው ቀኑንና ሰዓቱን በደብተር መመዝገብ የጀመርኩት፤ በአምስተኛው ቀን ላይ ዝርዝሩን ሳየው አንድም ጠዋት የተቋረጠበት ቀን አልነበረም፣ ደመና በዋለበት ቀንም አልተቋረጠም። ስዊቹ የተቀመጠው የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው የዕቃ ማከማቻ ውስጥ፣ በር በሌለው መደርደሪያ አናት ላይ ነበር። ቴርሞሜትር አስቀምጬ በ9 ሰዓት ስመለስ 47 ዲግሪ ያሳያል። የስዊቹ መመሪያ የሚፈቅደው እስከ 45 ዲግሪ ነበር። ጥላ ወዳለበት ኮሪደር አወረድነው፣ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ተውንለት፤ ችግሩ ዳግመኛ አልመጣም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ስጠግን የነበረው ምልክቱን ነበር፤ በሽታው ጣሪያው ላይ ነበር።

ድሬዳዋ ላይ ሙቀት የኔትወርክ ንድፍ አካል ነው። ቆላ ውስጥ የምንሠራ ሰዎች ከደጋ የመጣውን ልማድ እንዳለ መቅዳት የለብንም፤ የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ባትሪ እንኳ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ላይ አራት ዓመት የቆየ ባትሪ እዚህ በሁለት ዓመት ቢደክም አምራቹን ብቻ መውቀስ አይገባም።

ሥራዬን መመዝገብ ይህን ያህል ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፤ ለእድገት የሚጠቅም አንድ ልማድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። አጭር ይሁን፤ ቀን፣ ምልክት፣ የሞከሩት፣ የተገኘው ምክንያት፣ የቀረ ጥያቄ። በተለይ የመጨረሻውን አይተዉት፤ ያልገባዎትን በጽሑፍ ካላስቀመጡት ችግሩ ሲፈታ አብሮ ይረሳል።

እዚህ ላይ የእኛ የሆነ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቅርንጫፍ ያለች ገንዘብ ያዥ «የኔ ልጅ፣ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ኮኔክሽን የለም» ብትልዎት 3 ሰዓት የምትለው ጠዋትን ነው፤ ራውተሩ ግን 09:00 ብሎ ይመዘግበዋል። የሰዓት ክልሉ ካልተስተካከለ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት 06:00 ብሎ ይጽፈዋል። አንድ ክስተት እንዲህ በሦስት ሰዓት ተጽፎ ሲገኝ ምክንያቱን ማገናኘት ያስቸግራል፤ አንድ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው ብለን ግማሽ ቀን ያጠፋንበት ጉዳይ ያው አንድ ብልሽት ሆኖ ተገኝቷል። ሁሉንም መሣሪያ በኤንቲፒ (የመሣሪያዎችን ሰዓት በሚያስተካክለው አሠራር) ከአንድ የሰዓት ምንጭ ጋር ያገናኙ፤ ደብተርዎ ላይም ሰው የነገረዎትን ሰዓትና መሣሪያው የመዘገበውን ጎን ለጎን ይጻፉ።

ስህተት ሠርቼ ኔትወርክ ብጥልስ?

አንድ ቀን ይጥላሉ፤ ስለዚህ አስቀድሞ መዘጋጀት ይሻላል። እኔ አንድ ምሽት ድሬዳዋ ተቀምጬ ሐረር ያለ የቅርንጫፍ ራውተር ላይ አክሰስ ሊስት (ማን እንዲያልፍ፣ ማን እንዳያልፍ የሚወስን ዝርዝር) ስቀይር የራሴን መግቢያ ዘጋሁ። ማያ ገጹ ቀጥ አለ፤ ቅርንጫፉም ከእኔ ጋር ጠፋ። መኪና ለምነን በደንገጎ አቀበት፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፈን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐረር የደረስነው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ሥራ ሁለት መስመር መሰረዝ ብቻ ነበር። በማግስቱ ለአለቃዬ የሆነውን ሁሉ ሳልሸፍን ነገርኩት፤ በቁጣ ፈንታ «ለሚቀጥለው ምን ትለውጣለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የለወጥኩት ይህንን ነው። በሲስኮ መሣሪያ ላይ ከርቀት አደገኛ ለውጥ ከማድረጌ በፊት መሣሪያው ከ10 ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲነሣ አዝዘዋለሁ፤ ለውጡንም አላስቀምጠውም። ራሴን ከዘጋሁ ራውተሩ ተነሥቶ ወደ ቀድሞው አሠራሩ ይመለሳል፤ ካልዘጋሁ ትእዛዙን ሰርዤ ለውጡን አስቀምጣለሁ። በሚክሮቲክ ላይ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ሴፍ ሞድ የሚባል አለ፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ያደረጉትን ለውጥ መልሶ ይሽራል። ከለውጡ በፊት የኮንፊገሬሽኑን (የመሣሪያውን ቅንብር) ቅጂ ይውሰዱ፣ የመመለሻውን እርምጃ በጽሑፍ ያዘጋጁ፣ ቅርንጫፉ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ስልኩን ክፍት አድርጎ እንዲቆይ ይንገሩ። ስህተትን መደበቅ ግን ፈጽሞ አይሞክሩ፤ መሣሪያው ማን በስንት ሰዓት እንደገባ ይመዘግባል፣ ባይመዘግብ እንኳ የታመነ ሰው መሆን ከማንኛውም ሰርተፍኬት በላይ ያሳድጋል።

ፕሮግራሚንግ መማር ግዴታ ነው?

በመጀመሪያው ዓመት ግዴታ አይደለም፤ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ግን መራቅ አያዋጣም። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለመጀመር ትልቅ ዓላማ አያስፈልግም፤ ለምሳሌ 12 ስዊቾች ካሉዎት የሁሉንም ኮንፊገሬሽን በየሌሊቱ ወደ አንድ ፎልደር የሚገለብጥ አጭር ስክሪፕት በኔትሚኮ (ፓይተንን ከኔትወርክ መሣሪያ ጋር በሚያገናኘው መሣሪያ) ይጻፉ። አንድ ስዊች ተቃጥሎ በቅጂው በግማሽ ሰዓት አዲሱን ሲያስነሡ ጥቅሙን አለቃዎም ያያል። ከዚያ ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ ጊዜ ወደሚያስተካክለው ወደ አንሲብል መሻገር ይቻላል። የፕሮግራሚንግን ሀሁ በ5 ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር በነፃ መማር ይቻላል፤ የኔትወርክ ትምህርት ግን እዚያ አይጠብቁ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ስለ መጠቀም የሚጠይቁኝም አሉ። ትእዛዝ ሲያስረዳዎት ይጠቅማል፤ የሰጠዎትን ትእዛዝ ግን በመለማመጃ ላይ ሳይሞክሩ በሥራ ላይ ባለ ራውተር ላይ አይለጥፉ፤ የመሥሪያ ቤትዎን የይለፍ ቃልና ኮንፊገሬሽንም አይስጡት።

ድሬዳዋ ሆኜ ማደግ እችላለሁ ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቀኝ የለም። ድሬዳዋ ራሷ የመስመር ልጅ ናት፤ የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። ዛሬም ዕድሏ ከመስመር ጋር የተያያዘ ነው። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣናው ሥራ ጀምሯል፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ደረቅ ወደቡ፣ የኤሌክትሪክ ባቡሩ ጣቢያ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሎቹ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካውና የባንክ ቅርንጫፎቹ ሁሉም ኔትወርክ የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ለደንበኞች የሙከራ አገልግሎቱን በዚያው ወር የጀመረው በድሬዳዋ ነው፤ ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ መምጣቱ የማማ፣ የፋይበርና የኃይል አቅርቦት ሥራ ለሚሠሩ ባለሙያዎች አዲስ በር ከፍቷል።

አገሪቱን ከባሕር ውስጥ ኬብሎች ጋር ከሚያገናኙት መንገዶች አንዱ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። በመስታወት ፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ በአሮጌው ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያን ያህል በሚረዝም ፋይበር ደርሶ መልሱ ከ3 ሚሊ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ አውሮፓ ወዳለ ሰርቨር ፒንግ አድርገው 150 ሚሊ ሰከንድ ቢያገኙ፣ ትሬስራውት (መልእክቱ ያለፈባቸውን መሣሪያዎች የሚዘረዝር ትእዛዝ) ከፍተው ጊዜው የት የት እንደጠፋ ይፈልጉ፤ መንገዱ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል? የባሕሩ ርቀት ስንቱን ይወስዳል? ይህን ጥያቄ በራሳቸው ጊዜ ተከታትለው ያጠኑ ልጆች ስለ ቢጂፒ (ትልልቅ ኔትወርኮች እርስ በርስ መንገድ የሚነጋገሩበት አሠራር) ለመማር ማንም አላስገደዳቸውም።

እውነቱን ለመናገር ግን ሙሉ ጊዜውን በዳታ ሴንተር፣ በትልቅ ፋየርዎል ወይም በቴሌኮም ዋና አውታር ላይ ብቻ የሚያሳልፍ ሥራ በአብዛኛው የሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤቶች ባሉበት አዲስ አበባ ነው። እዚህ ያለው ጥቅም ደግሞ ስፋት ነው፤ አንድ ሰው ገመዱንም፣ ራውተሩንም፣ ሰርቨሩንም፣ ካሜራውንም ይነካል። የእኔ ምክር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት እዚህ በስፋት ሠርቶ፣ ልዩ ሙያ ሲመርጡ ያ ሙያ ወደሚገኝበት መሄድ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት የድሬዳዋ ሙቀት ስላማረራችሁ ብቻ ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ።

ከመሣሪያው ይልቅ ሰው ያስቸግረኛል። ምን ላድርግ?

የተለመደ ነገር ነው። ለሥራ አስኪያጅ «የስፓኒንግ ትሪ ችግር ነው» ማለት ምንም አይነግረውም፤ «አንድ ገመድ ሁለቱም ጫፉ እዚያው ስዊች ላይ ስለተሰካ መልእክቱ መውጫ አጥቶ እየዞረ መንገዱን ዘጋው፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይመለሳል፤ ዳግም እንዳይደርስ ይህን እናደርጋለን» ማለት ግን መልስ ነው። ምን ሆነ፣ መቼ ይመለሳል፣ እንዴት አይደገምም፤ አለቃ የሚፈልገው እነዚህን ሦስቱን ነው። የሚመለስበትን ሰዓት ካላወቁ «በ5 ሰዓት ደውዬ ያለበትን እነግርዎታለሁ» ይበሉ፤ በ5 ሰዓትም ይደውሉ።

ድሬዳዋ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ ሐረር ሲወጡ ደግሞ በሐረሪ የሚያነጋግርዎ ተጠቃሚ ያጋጥማል። በእነዚህ ቋንቋዎች ቢያንስ ሰላምታና «መቼ ጀመረ?» የሚለውን ጥያቄ መማር የሥራው አካል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሴት በመሆኔ ወደ መስክ ሥራ አይልኩኝም። ምን ማድረግ እችላለሁ?

ይህ ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ ጉዳቱም ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ብልሽት የሚታወቀው በቦታው ነው። የፈረቃ ወይም የመስክ መርሐ ግብር ሲወጣ ስምሽ እንዲካተት በጽሑፍ ጠይቂ፤ የትኛውን ቅርንጫፍ፣ የትኛውን ሥራ እንደምትፈልጊ ለይተሽ አመልክቺ። ኃላፊዎችን ደግሞ ይህን አሳስባለሁ፤ መሰላሉ ወይም የሌሊት መጓጓዣው ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ከሆነ ለሁሉም ሠራተኛ መስተካከል አለበት እንጂ ሴቷ ቢሮ እንድትቀር ምክንያት መሆን የለበትም።

ስለ ሙከራ ጊዜ፣ ስለ ሌሊት ሥራና ስለ ሥራ ልምድ ማስረጃ ምን ማወቅ አለብኝ?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። የኔትወርክ ለውጥ ብዙ ጊዜ በሌሊት ስለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ይወቁ፤ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃም በጠየቁ ጊዜ ያለ ክፍያ የሚሰጥ መብት ነው፤ የሥራ መደቡ በትክክል እንዲጻፍ ያስተውሉ፣ «የአይቲ ሠራተኛ» የሚለው ለቀጣዩ ቀጣሪ ብዙ አይነግርም።

ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ወዴት ልሂድ?

መንገዱ እዚያ ላይ ይከፈላል፤ ራውቲንግና ትልልቅ ኔትወርኮች፣ ደኅንነት፣ ሽቦ አልባ ግንኙነት፣ ክላውድ፣ አውቶሜሽን። በሲስኮ መንገድ ለሚቀጥል ሰው ሲሲኤንፒ ኢንተርፕራይዝ 350-401 የተባለውን ዋና ፈተናና አንድ ተጨማሪ የልዩ ሙያ ፈተና ይጠይቃል። ስለ አይፒ አድራሻ አስተዳደርና ስለ አዲሱ የአድራሻ ሥርዓት ስለ አይፒቪ6 ለመማር የአፍሪካ የአድራሻ መዝጋቢ የሆነው አፍሪኒክ በኢንተርኔት የሚሰጣቸው ነፃ ትምህርቶች አሉት፤ እነሱን ሳላመሰግን አላልፍም። ምርጫውን ግን ገበያው ብቻ አይምረጥልዎ፤ የሁለት ዓመት ደብተርዎን ገልጠው የትኛው ዓይነት ችግር ላይ ሳይታወቅዎ አምሽተው እንደሠሩ ይመልከቱ።

የሚመራኝ ሰው ማግኘት እፈልጋለሁ። ባለሙያ ዘንድ ስሄድ ምን ይዤ ልሂድ?

«አሠልጥነኝ» ብሎ የሚመጣን ሰው ለመርዳት ያስቸግራል፤ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ግን ሁሉም ሰው ጊዜ አያጣም። በእጅ የተሣለ የኔትወርኩን ሥዕል ይዘው ይሂዱ፤ ስዊቹ፣ ራውተሩ፣ አድራሻዎቹ የተጻፉበት ይሁን። ከሥሩ ምን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ምን ምን እንደሞከሩና ምን እንደጠረጠሩ በአራት መስመር ይጻፉ። ጥርጣሬዎ የተሳሳተ ቢሆንም ይጻፉት፤ የሚያነጋግርዎ ሰው ከየት መጀመር እንዳለበት የሚያውቀው ከእሱ ነው።